ወንድሜን ማንሣት

አባቴ ከደብረ ኤልያስ ማዶ ካለው መንደራችን ትንሹን ወንድሜን ታቅፎ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲደርስ፣ እኔ እዚያው ከተማ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ገና የጋራ ኮርሶችን ነበር የምማረው፤ ስለ ሕክምና ከማንም የበለጠ አላውቅም። ለአባቴ ግን የሆስፒታሉን ቋንቋ የምችል ሰው ነበርኩ። ሐኪሙ በተናገረ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳለ ይጠይቀኛል። ሐኪሙ የሚናገረው ግን አማርኛ ነው።

ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው። ሳንባውን ታሞ የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገባ፤ ብዙ ቀን በመሣሪያ ተነፈሰ። ከመሣሪያው ሲላቀቅ ደስ አለን። ደስታችን ግን ብርድ ልብሱ እስኪገለጥ ነበር። ጭኑ ከስቶ ክንዴን አክሏል። አንገቱን እንኳ ማቅናት አቅቶታል። ምግቡ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ የሚወርድ ወተት ነው፤ ነርሷ በሲሪንጅ እየለካች፣ ቆም እያለች፣ ሆዱን እየነካካች ትሰጠዋለች። አባቴ ያችን ወተት አይቶ ለእምቦሳም እንደማትበቃ በለሆሳስ ነገረኝ። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢሰጡት ሆዱ እንደማይችለው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንደሚጨምሩለት ሐኪሙ አስረድቶታል። ሰምቷል፤ አላመነም።

ነገሩ የከረረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የመጣች ጠዋት ነው። ወጣት ናት። እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ አባቴን ፈገግ ብላ «አባት፣ ዛሬ ትንሽ ስፖርት እናሠራዋለን» አለችው።

አባቴ ስፖርት ሲባል የሚያውቀው ኳስ ነው። የወንድሜን ጉልበት ስታጥፍና ስትዘረጋ ዝም ብሎ አየ። ወንድሜ ፊቱን አጨማዶ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ሲጀምር ግን እጇን ያዛት።

«ለየትኛው ቡድን ልታሰልፊው ነው፣ ልጄ?» አላት።

አባቴ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔ ያን አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ወደ በረንዳው ይዞኝ ወጣና ልጁን ወደ ቤት እንደሚወስደው ነገረኝ። እናቴ አራስ ስለነበረች እቤት ቀርታለች። የሚሞትም ከሆነ በእናቱ ፊት፣ ማንም እግሩን ሳይጎትተው፣ ዐርፎ ይሙት አለ። አፍንጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ከተነቀለ ያን መንገድ እንደማይጨርስ ሐኪሙ ነግሮናል፤ ደግሜ ነገርኩት። ሲተኙ ጡንቻ እንደሚሟሽሽ፣ ሰው ካልተንቀሳቀሰ አክታ ሳንባው ውስጥ እንደሚቀር፣ ከባለሙያዋ የሰማሁትን ሁሉ በተራ አልኩለት። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ምንም እንዳይቀርብኝ ተጠነቀቅሁ። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንቺም የነሱን ቃል ለመድሽ አለኝ።

እውነቱን ነበር። የእኛን ቃል ፈለግሁ።

«አባዬ፣ ባለፈው ክረምት ላማችን ስትወድቅ ምን አደረግን?»

ያን ጊዜ በየጠዋቱ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ሁለት አጣና ከሆዷ ሥር አሳልፈው ያነሷታል፤ ስትንቀጠቀጥ ደግፈው ያቆሟታል፤ እግሯን በጭድ ያሿታል። ስታቃስት እናቴ ጆሮዋን ይዛ ቤት ትገባለች። እኔ አዝኜላት ገብስ ቆልቼ ባቀርብላት፣ አባቴ ተቆጥቶ ከፊቷ አነሣው። ሳይበላ የከረመ ሆድ በጥቂቱ ነው የሚለምደው ብሎ ፋጉሎ እየቆነጠረ ያቀምሳት የነበረው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ አላልኩትም። ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት።

«ላሟ ተነሣች» አለ በመጨረሻ። «በሬው ግን አልተነሣም።»

በሬያችን ከላሟ በፊት እንዲሁ ወድቆ ሞቶብናል። ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማን ኖሯል፤ አሁን አትስቅም።

«በሬውን አንሥታችሁት ነበር፣ አባት?»

አባቴ ወለሉን አየ። «የለም። ደክሞታል፣ ይረፍ ብለን ተውነው።»

እሱ ቀድሞን ገባና እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ።

ወንድሜን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። አባቴ ከኋላው ሆኖ በብብቱ ያዘው፤ ባለሙያዋ ራሱን ደገፈች። የእኔ ሥራ የኦክስጅኑና የወተቱ ቱቦ እንዳይጎተቱ መያዝ ነበር። የወንድሜ እግር ወደ ታች ሲንጠለጠል ከአልጋው በላይ ያለው መሣሪያ መጮህ ጀመረ፤ በደሙ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው ቁጥር ወረደ። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም፤ ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። ባለሙያዋን ብቻ ያያል። እሷ ዐይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል እንድንቆይ በአገጯ ጠቆመችን፤ ነርሷ ኦክስጅኑን ከፍ አደረገች። ቁጥሩ ባለበት ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ።

ወንድሜ ከመተንፈሻ መሣሪያው ከተላቀቀ ወዲህ መጀመሪያ የተናገረው ያን ጊዜ ነው፤ በሻከረ ሹክሹክታ።

«አባዬ፣ አስተኛኝ።»

እኔ ብሆን አስተኛው ነበር። አባቴ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ ቆይ አለው፣ ትንሽ ቆይ፤ አልለቀቀውም።

ባለሙያዋ በቃ ስትል ራስጌውን ከፍ አድርገን አስተኛነው። ነርሷ ወተቱን ይዛ መጣች። አባቴ ሲሪንጁን ትክ ብሎ አየና፣ ወተቷ ትናንት የት ድረስ እንደነበረች በጥፍሩ አሳየኝ፤ ዛሬ አልፋለች። ባለሙያዋ ጓንቷን አውልቃ ልትወጣ ስትል ጠራት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምናነሣው?»