ፕሮፌሰሩ የእናቴን ጉድጓድ የለኩ ቀን

አዳማ ውስጥ እንደኔ የሚነዳ ሾፌር የለም። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፣ እናቴም ትላለች። ከትምህርት ጋር ግን ስድስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ታዲያ የኒውክሌር ፊዚክስ ፕሮፌሰር በኮንትራት ይዘውኝ ከከተማ ከተማ ሳዞራቸው፣ ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። "ቦምብ ነው የሚሠሩት?" ሲሉኝ "ሚስጥር ነው" እላለሁ።

የሚሠሩት ውሃ መለካት ነው። ከየጉድጓዱ በጠርሙስ ይቀዳሉ፣ በቀጭን ቱቦ ከአንድ ሳጥን ጋር ያገናኙታል፣ ሳጥኑ እያጉረመረመ ያስባል። ከመሬት ስር፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ከውሃው ጋር የሚወጣ ጨረር ያለው ጋዝ አለ አሉኝ። አይታይም፣ አይሸትም። ከዚያ ወዲህ የመኪናውን መስኮት ዘግቼ አላውቅም።

መቂ ላይ ሽንኩርት የሚጭኑ መኪኖች መንገድ ዘጉብን።

"ፕሮፍ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለክተው ምን አገኙ?"

"የጻፍኩትን ሌሎች ይጠቅሱታል። ሕንድም ብራዚልም የራሳቸውን ውሃ ሲያጠኑ 'እሳቸው እንዲህ ብለዋል' ብለው ስሜን ያነሳሉ። እኛ የምንመዘነው በዚያ ነው።"

"ይከፍሏችኋል?"

"ምንም።"

"በነጻ ስም መጥራት! እኔ ብሆን አስቆማቸው ነበር።"

ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ከፊታችን አንድ ደላላ ሽንኩርት ጨመቅ አደረገና "ውሃ ይዟል" አለ። ሌላው ሰምቶ ለሌላ በስልክ ነገረው። ዋጋ የሚሰብረው ያ ቃል ከጭነቱ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ገበሬው ቢምል ቢገዘት አይመልሰውም። ወዲያው መኪናዋን ላዞር ወደ ኋላ አየሁ።

ቀጣዩ ጉድጓድ የእናቴ ነበራ! ቡልቡላ፣ ግቢዋ ውስጥ። በሱ ነው ያሳደገችን፣ ዛሬም ለሰፈሩ ውሃ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ይለኩልኝ ብዬ የለመንኩት ደግሞ እኔው ነኝ። "ዓለም የሚጠቅሳቸው ሰውዬ የእማን ውሃ ሊመርቁ ነው" ብዬ ቀድሜ ደውዬ ለፍፌያለሁ። እኚህ ሰው መጥፎ ነው ብለው ከጻፉ የእናቴ ጉድጓድ ስሙ የሚጠፋው ብራዚል ድረስ ነው።

ስንደርስ ግቢው ጢም ብሏል። ፕሮፌሰሩ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ቀዱ፣ ሳጥኑን አስነሱ። ሰው ሁሉ ሳጥኑን ከበበ።

"ሊመርቁ ነው አላለም እንዴ ልጅሽ?" አለች ጎረቤታችን። "የሰውዬው ፊት እኮ የሐኪም ፊት ነው!"

እናቴ ጆሮዬ ስር መጣች። "አንተ ቀላማጅ፣ ምን አመጣህብኝ?"

"ሳጥን ነው እማ፣ አይናከስም።"

ራሴ ግን ከሳጥኑ ሁለት እርምጃ ሸሸሁ። ይሄን ውሃ ስጠጣ ነው ያደግኩት። ለካ ስነፋው የኖርኩት ደረት ጋዝ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ሳጥኑ ዝም አለ። ፕሮፌሰሩ ቁጥሩን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"አለ" አሉ። "ግን ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ አትቅዱት። ደጅ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ እያማታችሁ አናፍሱት። ጋዙ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠጣል።"

ሰዉ የሰማው "አለ" የሚለውን ብቻ ነው። አንዱ ባዶ ጀሪካኑን አንስቶ ወጣ። ሌላዋ ተከተለች። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ክፍቱን ከቆመው ባልዲ በጣሳ ጨለፈች። ለእንግዳ መጀመሪያ ባለቤት ነው የሚቀምሰው፣ እንዳይጠረጠር። መዳፏ ላይ ጠብ ልታደርግ ስትል ፕሮፌሰሩ ጣሳውን ያዙት።

"ዛሬ እኔ ልቅመስልዎት፣ እናቴ።"

መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ቀመሱ። ከዚያ ጣሳውን አንስተው እስከ አተላው ጨለጡት። ባለጀሪካኑ በር ላይ ቆመ። እያየ እያየ ተመለሰ።

ስንመለስ መቂ ላይ የማውቀው ደላላ በመስኮት አንገቱን አስገባ። "ቡልቡላ ፕሮፌሰሩ የጠጡት ውሃ የእናትህ ነው አሉ?"

"ይኸው ተጠቀስኩ!" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው።

እኔ አልሳቅኩም። "ይጽፉታል ግን?"

"እጽፈዋለሁ። አለ፣ ግን ትንሽ ነው ብዬ።"

"ትንሽ የምትለዋን ትልቅ አድርገው ይጻፉልኝ፣ በናትዎ።"

አሁንም ቡልቡላ ስሄድ ባልዲውን ደጅ አውጥቼ እጄ እስኪዝል አማታዋለሁ። ጎረቤት ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ።