«ሂናው ነው» የተባለው ቁጥር

ነጅሚያ ጥያቄ አታሳድርም። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሊገዛት የመጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እሷ ትቀድመዋለች፤ ከየት እንደመጣ፣ አገሩ ብልባላ ዘንቦ እንደሆነ፣ እናቱን ወገቧ ተሽሏት እንደሆነ አንድ ባንድ ታወጣጣዋለች። ባሏ መሐመድኑር ደግሞ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት የሚያስፈልገው ሰው ነው። እሷ ስትሸጥ እሱ ጆንያ ተደግፎ ያንቀላፋል።

«አላህ ሲያጣምረን ምላሱን ለኔ፣ እንቅልፉን ለሱ ሰጠ» እያለች ገበያተኛውን ታስቃለች። እሱም ቢሰማ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

ሰውነቷ ደልደል ያለ ነው። ዕድሜዋን በርበሬ ስትቀጥፍና ስታስወቅጥ ስለኖረች ሳል አይለያትም። ትከሻዋንም የጎዳት ያው በርበሬ ነው፤ ጆንያ ከአህያ ስታወርድ ጅማቷ ተበጠሰ። ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲያቅተው፣ ክንዷም ሻሽ ማሰር አልችል ሲላት፣ ባልና ሚስት ከደጋው ወርደው ራቅ ካለ ከተማ ሆስፒታል ገቡ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሙሉሃብት የሚባል የሰመመን ባለሙያ መጥቶ ይጠይቃት ጀመር። ነጅሚያ ደስ አላት፤ እንደሷ የሚጠይቅ ሰው አገኘች።

«ተኝተው ያንኮራፋሉ? ትንፋሽዎስ ቆም ይላል?»

«ተኝቼ በምን አውቃለሁ? ይልቅ እሱን ጠይቀው።»

መሐመድኑር መሬት መሬቱን አየ። በነሱ ወግ የሚስት አስተኛኘት ገመና ነው፤ ለባዕድ አይወራም።

«የለም» አለ በአጭሩ።

«ማንኮራፋቴ ምን ያደርግልሃል?» አለችው ነጅሚያ ባለሙያውን።

«አንገትዎ ሥር የምወጋዎ ማደንዘዣ ክንድዎን ያስተኛልናል። ነገር ግን ከሳንባ ሥር ያለውን መተንፈሻ ጡንቻ በዚያው ጎን ለጥቂት ሰዓት ሊያሰንፈው ይችላል። ጤነኛ ሰው በሌላው ጎን ይወጣዋል። ሳል የቆየበት፣ ሰውነቱ የከበደ፣ ተኝቶ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ግን ደሙ ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል።»

«ሁለቱስ አሉብኝ።»

«አይቻለሁ፣ እጠነቀቃለሁ። ሦስተኛው ቢኖር ግን ሌላ መላ እፈልግ ነበር።»

ነጅሚያ ባሏን ዞር ብላ አየችው። እሱ አሁንም መሬቱን እያየ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ነቅታለች፤ ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ መስሏት ደጋግማ በሌላው እጇ ትነካዋለች። ሲስተር እየሩስ ጣቷ ላይ መቆንጠጫ አደረገችላት።

«ይሄ ደግሞ ምን ያያል?»

«በቀይ ብርሃኑ ደምዎ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ዘጠና አምስት ነው፣ ደህና ነዎት።»

ነጅሚያ ቁጥሩን እያየች ሳለ የሕመም ማስታገሻው ከበዳትና ተኛች።

መቆንጠጫው የተያያዘበት ማሽን ሲጮህ በእንቅልፍ ሰመመን ውስጥ ሆና ሰማችው። ዓይኗን መግለጥ አልቻለችም።

«ሰማንያ አንድ?» አለች እየሩስ። የነጅሚያ ጣቶች ለእህቷ ልጅ ሠርግ በተነከሩበት ሂና ጥፍራቸው ድረስ ጠቁረዋል። «አይ፣ ሂናው ነው። ብርሃኑን ጋርዶት ነው።» ጩኸቱን አጠፋችው።

ሂናው ከሆነ ቅድምስ አልነበረም? ቅድም እንዴት ዘጠና አምስት አለ? ነጅሚያ ይህን ልትጠይቅ ፈለገች። ምላሷ አልታዘዝ አላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ ፈራች። ከዚያም ፍርሃቱ ራሱ እየራቃት ሄደ።

«ሂናው አይደለም!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። መሐመድኑር እንዲህ ጮሆ አያውቅም።

«ወላሂ ሂናው አይደለም፣ እህቴ! ትንፋሿ ቆሟል። ቤትም እንዲሁ ናት፤ ታንኮራፋለች፣ ታንኮራፋለች፣ ከዚያ ጭጭ ትላለች። ትከሻዋን ይዤ ስወዘውዛት ነው የሚመለስላት። አሁን ትከሻዋ ታሽጓል፤ በምን ልንካት?»

እየሩስ ነጅሚያን በስሟ እየተጣራች አነቃቻት። የአልጋውን ራስጌ ቀና አድርጋ የኦክስጅን ጭንብል አጠለቀችላትና መቆንጠጫውን ሂና ካልነካው ጆሮዋ ላይ አዞረችው። እዚያም ቁጥሩ ያው ሰማንያዎቹ ውስጥ ነበር። ሙሉሃብት እየሮጠ መጣ፤ የሚያስተኛው ማስታገሻ እንዲቀር አዘዘ፣ ማደንዘዣው እስኪለቃትም ከአጠገቧ አልራቀም። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ።

«ይህን ጠዋት ቢነግሩኝ ኖሮ» አለ መሐመድኑርን።

«ገመናዋ ነው ብዬ» አለ መሐመድኑር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከሰዓት በኋላ ጭንብሉ ወርዶላት፣ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ጣቶቿም ነፍስ እየዘሩ ይነዝሯት ጀመር። ጥያቄዋም ተመለሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምሆነው?»

«ትንሿ ልጃችን ከተወለደች ወዲህ።»

ትንሿ ልጃቸው ተድራለች። ነጅሚያ ባሏን አተኩራ አየችው፤ ከዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት እስከዛሬ የዕድሜ ነው ብላ ነበር የምታልፈው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሌሊቱን እኔን ስታዳምጥ… አንተ መቼ ትተኛለህ?»

መሐመድኑር ትንሽ አፈረ።

«ገበያ ላይ» አላት።

በእንቅልፉ ገበያተኛውን ያሳቀችባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡባት። በደህናው እጇ ጋቢዋን ጎትታ ግማሹን አጠገቧ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ባሏ አለበሰችው።

«አብሽር፣ ተኛ በል» አለችው። «እኔ ነቅቻለሁ።»