የበሰለችው ኮከቤ

ልጅ እያለሁ የራሴ ኮከብ ነበረችኝ። ሰው በግ አለኝ፣ መሬት አለኝ ይላል፤ እኔ ኮከብ አለኝ እል ነበር። ደባርቅ ዙሪያ እንደኔ ሀብታም ልጅ አልነበረም። የማያምን ወንድሜን ይርጋን ይጠይቅ፤ ችግሩ ይርጋም ረስቶታል።

ነገሩ አውድማ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ተወቅቶ አባቴ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋስ ደግሞ ሲፈልጉት አይመጣም። ጀንበር ስትጠልቅና ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ እኔና ይርጋ ጭዱ ውስጥ እስከ አንገታችን እንቀበራለን። ጭድ ይሞቃል፣ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ አንገት ግን ይበላል። ኮከብ ብቅ ብቅ ሲል እንካፈላለን። ይርጋ ታላቅ ስለሆነ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ደማቅ ደማቁን ሁሉ ለቀመው። ለኔ የደረሰችኝ ከገደሉ አናት በላይ ያለች ደብዘዝ ያለች ብርቱካንማ ነበረች።

"እሷ አሮጊት ናት፤ ጡረታ ወጥታለች" አለኝ።

"ያንተ ጥሬ ነው። የኔዋ የበሰለች ናት፤ ቀለሟን አታይም?" አልኩት።

አባቴ መንሹን ተደግፎ ሳቀ። ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ያቺን ሳቅ ያመጣኋት እኔ ነኝ ብዬ እስከ ዛሬ እጎርርባታለሁ።

አውድማ ሕግ አለው። ጫማ አድርገህ አትገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ "አለቀ" አይባልም። እህሉ ተጭኖ አውድማው ባዶ ቢቀር እንኳ "በረከተ" ነው የሚባለው፤ አለቀ ካልክ በረከቱ ይሸሻል። አንድ ጊዜ የመጨረሻው ስልቻ አህያዋ ላይ ሲጫን እኔ "ይኸው አለቀ" ብዬ ጮህኩ። አባቴ አልመታኝም። ስልቻውን አውርዶ አውድማው መሃል አፈሰሰውና "በል ለቅመህ ሙላ፤ ስትጨርስ ደህና አድርገህ ተናገር" አለኝ። ይርጋ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያግዘኝ ጀመር። ሲሞላ "በረከተ" አልኩ። "በረከተ" አለ ይርጋም፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሁን ጨነቅ ላይ፣ ቱሪስት በሚያድርበት ተራራ፣ የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ እጭናለሁ። ጉራ አይሁንብኝና በቅሎዎቹ እኔ ካልኖርኩ ቁልቁለቱን አይወርዱም። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከእራት በፊት የኮከብ ስም የሚነግረውን ስልኩን ወደ ሰማይ ደግኖ ሲያይ፣ "እስቲ የኔን እይልኝ" ብዬ በጣቴ አሳየሁት። አስጎብኚው ተረጎመልኝ። ኮከቧ አርጅታለች አለ። ሆዷ ውስጥ የምታነደው እያነሰባት ነው፤ ላይዋ እየቀዘቀዘ፣ እሷ እያበጠች ትሄዳለች፤ ብርቱካንማ የሆነችውም ለዚያ ነው። እያረጁ መወፈር የደባርቅ ነጋዴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይርጋ ልክ ነበር ማለት ነው።

ይርጋ ጎንደር ባጃጅ ይነዳል። ጎንደር ቅርብ ናት፤ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ለምሳ ይደርሳል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ግን ለአጨዳም ለውቂያም መጥቶ አያውቅም። ብቻዬን ጭድ ውስጥ ብቀበር ደግሞ አበደ ይሉኛል። እና ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩለት።

"ኮከቤ እውነትም አሮጊት ናት አሉ፤ አሸነፍከኝ። ና፣ ገብሱን አብረን እንውቃ" አልኩት።

"የቱ ኮከብ?" አለ።

ስለ ጭዱ ነገርኩት፣ ስለ ክፍፍላችን፣ አባባ ስለ ሳቀው ሳቅ።

"አላስታውስም ባክህ። እሱ ነገር እኮ አለቀ። ማሽን ተከራይና ተገላገል።"

ቀልድ ጠፋኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ ጠፍቶኝ አያውቅም።

"በረከተ በል" አልኩት።

ከኋላው ተሳፋሪው "ሂድ እንጂ ልጄ" ሲለው ይሰማኛል።

"በረከተ" አለ ይርጋ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

አልመጣም። ማሽንም አልተከራየሁ፤ ገብሱን ብቻዬን ወቃሁት፣ ነፋሱንም ብቻዬን ጠበቅኩት። ድሮ ያን ሁሉ ሰማይ ተካፍለን አንዲት አሮጊት ነበር የደረሰችኝ። አሁን ሁሉም የኔ ነው፤ የሚከራከረኝ የለም። ደማቅ ደማቁን ግን አልነካሁበትም። የይርጋ ነው፤ ሲመጣ እንዳለ ያገኘዋል።