ሎጊያን በስልክ ያስሞላሁበት ቀን

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ስለሚያስቀኝ ልጻፈው አልኩ።

ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥር ግን አያመልጠኝም። የኮምፒውተር ባለሙያችን የዘይነባ እህት ሠርግ አዋሽ ከተማ ላይ ደረሰ። ዘይነባ ግን ሥራውን ጥላ መሄዱን ፈራች።

"አባባ ደምሴ፣ ዋናው ኮምፒውተር የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ሎግ ይባላል። ቅዳሜም ከየወረዳው መረጃ ይገባል። ሎጉ ከሞላ ሥራው ቀጥ ይላል፤ ሰኞ ባለጉዳዩ ሁሉ ደጅ ላይ ይቀራል። ሊሞላ ሲል መልእክት የሚልክልኝ ነገር ደግሞ ተበላሽቷል።"

"ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? ቁጥሩን አሳዪኝና ሂጂ።"

ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞረችልኝ። "ከመቶ ሰማንያ ሲደርስ ይደውሉልኝ። እንዳያንቀላፉ ብቻ!"

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሁለት ነበር። በየሰዓቱ እየሄድኩ አያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰባ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሰማንያ። ደወልኩ። ያነሱት እናቷ ናቸው፤ ጭፈራው ጆሮ ያደነቁራል።

"ለዘይነባ ይንገሩልኝ! ሎጉ ሊሞላ ነው!"

"ምን? ሎጊያ?"

"አዎ፣ ሎጉ! ሰማንያ ደርሷል! ቶሎ ካልደረሰችለት አለቀልን!"

"ያ አላህ!" አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ለካ ሙሽራው እዚሁ ሰመራ አጠገብ ያለችው የሎጊያ ከተማ ልጅ ነው። ቤታቸው ሎጊያ ወንዝ ዳር ነው፤ ያ ወንዝ ደግሞ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደጋ በዘነበው ይሞላል። አጃቢው ምሳውን ጥሎ ወደ መኪና ሮጠ። የሙሽራው አባት "ፍየሎቼን!" እያሉ በአንድ እግር ጫማ ወጡ አሉ። "ሰማንያ ቤት ወስዷል" ያለም ነበር።

ዘይነባ ደወለች። "አባባ፣ ሎጊያ ምን ሆነ?"

"ሎጊያማ ደህና ነው። ደብተርሽ ነው እንጂ፤ ሰማንያ አምስት ገብቷል።"

ነገሩ ያኔ ገባት። ከዚያ የሳቋ ነገር! ሰዎቹን ከመኪና አስወረደቻቸው። ቀጥላ እዚያው ሆና በላፕቶፗ ምን እንደነካካች እንጃ፤ እያየሁት ቁጥሩ ስድስት ላይ ወረደ።

"ወረደልሽ!" አልኳት።

"ወረደ!" ብላ ስትጮህ ሠርገኛው እልልታውን አቀለጠው።

የሰው ሠርግ ልበትን ነበር ብዬ ያን ሰሞን አፍሬ ሰነበትኩ። አሁን ግን ደስ ይለኛል፤ ዘመድ አገኘሁበት። ሙሽራው ሰመራ በመጣ ቁጥር ገና ከሩቅ "አባባ፣ ዛሬ ስንት ደረስን?" ይለኛል።

እኔም ዝም ብዬ አልመልስም፤ በመስኮቱ አይቼ ነው። "ሃያ ሦስት ነው፤ ፍየሎቹን አሰማራ!"