የሐዘንተኛው ግድግዳ

ፉፋ በጉደር ከተማ ከቀሩት የኖራ ግንበኞች የመጨረሻው ነበር። የመጨረሻ መሆን ግን እንጀራ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. ከአምቦ እስከ ጉደር የሚሠራው ሁሉ በብሎኬትና በሲሚንቶ ስለነበር መዶሻውን አልጋ ሥር ከቶ የሰው አጥር እያጠረ ይኖር ነበር።

በዚያ ዓመት የአሮጌው ጸሎት ቤት የጡብ ግድግዳ ተሰነጠቀ። የምእመናኑ ሽማግሌ ኦቦ ጉተማ፣ «ይፍረስና በብሎኬት እንሥራው» አሉ። ፉፋ በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሣ።

«አባቴ የገነባው ነው። ከእጁ ሥራ የቀረ ሌላ የለም። እስከ ክረምት ስጡኝ፤ ክረምቱን ካልቻለ አፍርሱት።»

በዚህ ተስማሙ።

ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ በውሃ አርሶ እንደ እርጎ እስኪለሰልስ አቆየው። በጡብና በጡብ መካከል የነበረውን ያረጀ ማያያዣ በሹል ብረት ፍቆ አወጣ፤ የተሰነጠቀውን ጡብ እየነቀለ በደህና ተካ። ኖራውን ከጡብ ዱቄትና ከአሸዋ ጋር ለውሶ በየክፍተቱ ጠቀጠቀ፤ ፀሐይ እንዳይመታውም እርጥብ ጆንያ አለበሰው። ሥራው ቀስ ያለ ነበር። ፊቱ ግን እየፈካ መጣ።

የሴቶች ጸሎት መሪዋ አዴ ወርቅቱ አብሮ አደጉ ናት። ባለፈች ቁጥር ሳትለክፈው አታልፍም።

«ፉፋ፣ ይሄ ግድግዳ አራስ ነው እንዴ እንዲህ የምትሸፋፍነው?»

«አራስ ነው። አትጩኺበት።»

«ምነው እኔንም እንዲህ የሚሸፋፍነኝ ባገኘሁ!»

«አንቺማ ደርቀሻል፤ ኖራ አይይዝሽም።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ደግሞ ምን ያንቀራፍፍሃል? ሲሚንቶ ቢሆን እኮ እስካሁን አልቆ ነበር።»

«ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መተንፈሻ ይፈልጋል፣ ወርቂ። ኖራ ያስተነፍሰዋል።»

ራሷን ነቀነቀች። እሷን የገረማት ሰው እንዲህ ግድግዳ መውደዱ ነበር።

ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ከጎጆ ከተማ ስልክ ተደወለ። እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጉዴ ሞታለች። ፉፋ ጆንያዎቹን ውሃ አጠጣና ወርቅቱን ጠራት። «እስክመለስ አደራ፣ እንዳይደርቅብኝ።»

«ሂድ፣ አታስብ» አለችው እያለቀሰች። «እኔ አለሁ።»

በእኛ አገር የሐዘንተኛ ማሳ ጦም አያድርም። እሱ ለቅሶ ሲቀመጥ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ያርስለታል፣ ይዘራለታል። ፉፋ ግን ማሳ የለውም። ወርቅቱ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ተነሥታ፣ «የፉፋ ማሳ ይሄ ግድግዳ ነው» አለች። ማንም አልተከራከረም። አንድ ነጋዴ ሲሚንቶ ሰጠ፤ ወንዶቹ ከወንዝ አሸዋ አመጡ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፤ ድንች ተቀቀለ። እየዘመሩ ያልደረሰበትን ወገን ሁሉ በሲሚንቶ ለስነው ጨረሱት።

ፉፋ ከጎጆ ሲመለስ ከሚኒባሱ ሳይወርድ ከበቡት፤ እጁን ይዘው ወሰዱት። ግድግዳው እኩሌታው ቀይ፣ እኩሌታው ግራጫ ሆኖ ቆሟል።

«ሐዘንህን እናቅልልልህ ብለን ነው» አለች ወርቅቱ። እጇ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል።

በመዳፉ ዳሰሰው። ቀዝቃዛና ድፍን ነበር። የሚያዩትን ፊቶች ሁሉ አየ፤ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አለና አለቀሰ። ለጉዴ ያለቀሰ መሰላቸው፤ አብረውት አለቀሱ።

በማግስቱ ሰው ሳይኖር መሮውን ይዞ ሄደ። ከጥጉ ጥቂት ሊያነሣ ሞከረ። ሲሚንቶው ሲላቀቅ የጡቡን ፊት ይዞ ወረደ፤ ከውስጥ ያለው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያው ነው። ሲሚንቶውን ቢያነሣው ግድግዳውን መግፈፍ ነው፤ ቢተወው እርጥበቱን ውስጡ ማፈን ነው። መሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወርቅቱ ደረሰችበት። «ምነው? አልወደድከውም እንዴ?»

ለመናገር ፈለገ። እጇን አየው።

«ወድጄዋለሁ» አላት።

ክረምቱ ገባ። ከመሬት የሚወጣው ውሃ በግራጫው በኩል መውጫ አጣ። መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ሻጋታ ሸተተ፤ ቀጥሎ ጡቡ ከልስኑ ጀርባ አበጠ። ነሐሴ ሳያልቅ ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ ተነፋ። በስብሰባው ማፍረስ ተወሰነ። ፉፋ ቃሉን ሰጥቶ ነበርና የሚከራከርበት አፍ አልነበረውም።

በሚፈርስበት ቀን እሱንም ጠሩት። በግራጫው ወገን ጡቡ ከሲሚንቶው አልላቀቅ ብሎ በመዶሻ ተከሰከሰ። በኖራው ወገን ግን እያንዳንዱ ጡብ ሙሉ እንደሆነ፣ ሳይሸረፍ ወጣ፤ የያዘው ኖራ በእጅ ሲጠረግ ይረግፋል። ፉፋ እያንዳንዱን እየተቀበለ ደረደረ። አባቱ ያስቀመጣቸው ጡቦች ዳግም ቤት ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። የሚፈልጋቸው ግን አልነበረም።

ኦቦ ጉተማ አንዱን አንሥተው ለሰው አሳዩ። «አያችሁ? ሲሚንቶው ሲፈርስ እንኳን ይታገላል። ኖራው በእጅ ይለቃል። ግድግዳውን የጣለው ይሄ ኖራ ነው።»

«ተዉት እንጂ ኦቦ ጉተማ!» አለች ወርቅቱ። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። አቅሙ የቻለውን ሠርቷል።»

ፉፋ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። ወርቅቱ ውሃ በጣሳ ይዛ ፊቱ ቆማለች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

«ጠጣ» አለችው፣ «ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስክም።»

ጠጣና ጣሳውን መለሰላት። «ገለቶሚ፣ ወርቂ።»

ሌላውን ጡብ ለመቀበል እጁን ዘረጋ።