ኳሱ የተቆለፈበት በጋ

በኮሮናው ጊዜ በየሱቁ ደጃፍ እጃችን ላይ የሚያፈሱልን አልኮል በሸተተኝ ቁጥር፣ ከኋላው የቆዳ ኳስ አብሮ ይሸተኝ ነበር። ሌላው ሰው ምን እንደሚሸተው አላውቅም፤ እኔን ግን ጎንደር፣ አባቴ አልጋ ሥር ወደነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ይወስደኛል። አባባ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። መርፌውን፣ ጥጡንና አልኮሉን የሚያስቀምጥበት ያ ሳጥን፣ በደርግ ዘመን፣ አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ በጋ የእህቴን ኳስ ዋጠና እስከ ሰኔ አልተፋም።

እህቴ ውባለም ከቤታችን በላይ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ መምህርነት ትማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበልም ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱን መረብ አድርጋ፣ እኔን፣ ታናሽ እህቷን፣ ከወዲያ ማዶ አቁማ፣ እጄ እስኪቀላ ታለማምደኝ ነበር። የምቆመው ኳስ ስለምወድ ሳይሆን እሷን እምቢ የሚል ሰው ስላልነበረ ነው። እናቴ ኳሱ የታጠበ ልብስ ላይ ባረፈ ቁጥር ትቆጣ ነበር፤ ሰሚ ግን አልነበራትም።

የዚህ ሁሉ ልፋት መድረሻው የካቲት ነበር። በየዓመቱ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ የኮሌጁ ቡድን በጭነት ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ይወጣና፣ በገበያ ቀን ከወረዳው ሴት መምህራን ጋር ይጋጠም ነበር። ገበያተኛው ሁሉ አህያውን አስሮ፣ ሸክሙን አውርዶ ሜዳውን ይከብባል። መስመሩን የሚያሰምረው የአባባ ታላቅ ወንድም፣ ገበሬው አያ ደመቀ ነበር፤ ከቤቱ አመድ በአቁማዳ ተሸክሞ ይመጣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ እርሻ ትልም አስተካክሎ ያሰምረዋል። «ምነው ለኳሱ እንዲህ ትሳሱለታላችሁ፣ ልጆች? መሬት ቢነካ ጤፍ አይደል፣ አይፈስ» እያለ ያስቀን ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ከክፍለ ሀገሩ ተጫዋች መራጭ ሊመጣ ነበር፤ ጥሩ የተጫወተች አዲስ አበባ ሄዳ ለክፍለ ሀገሩ ትሰለፋለች ተባለ። ውባለም ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል አልነበራትም፤ በሰኔ ተመርቃ የትም ገጠር ልትመደብ ነውና።

ጥር ሲጋመስ ማጅራት ገትር ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ኮሌጁ ተዘጋ፣ ገበያው ተበተነ፣ ሰው ከሰው አይሰብሰብ ተባለ። የቀበሌው ስብሰባ ብቻ አልቀረም፤ እናቴ አንድ እሑድ ግማሽ ቀን ተቀምጣ መጥታ፣ ስለ ምን እንደነበር ብንጠይቃት «መሰብሰብ ክልክል መሆኑን ሊነግሩን ሰበሰቡን» አለችን። አባባ አልሳቀም። በየገጠሩ እየዞረ ክትባት ሲሰጥ የሚያየውን እሱ ያውቃል። ውባለም ጓደኞቿን ጠርታ ግቢያችን ውስጥ ስትለማመድ ቢያገኛት፣ ኳሱን ከእጇ ወስዶ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተ።

«አባባ፣ ስድስት ሰው እኮ ነን፤ ያለነውም ደጅ ነው።»

«ከሐኪም ቤት ሰው ግቢ ውስጥ ሕግ አይፈርስም» አላት።

የካቲት እንዲሁ አለፈ፤ መራጩም አልመጣም። ውባለም ጓሮ እየዞረች በባዶ እጇ ግድግዳውን ትመታ ነበር። ያንን ድምፅ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በመጋቢት አያ ደመቀ በዚያው በሽታ ሞተ። መርዶው እንደደረሰ አባባ ጋቢውን ደርቦ ተነሣ። ውባለም «እኔም እሄዳለሁ» ብትለው «መሰብሰብ ክልክል ነው፤ አንቺ ቅሪ» አላት። ሠልስቱን አውጥቶ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ፣ ዓይኑ አብጦ ነበር። እግሩን እያጠበችው ጠየቀችው።

«ለቅሶው ላይ ስንት ሰው ነበር፣ አባባ?»

«አገር ምድሩ ነበር። ዳሱ አልበቃን ብሎ ተደጋግፈን ነው ያደርነው።»

«አገር ምድሩ ዳስ ሥር ተጨናንቆ ሲያድር ክልክል ያልሆነው፣ እኔ ደጅ ኳስ ስመታ ክልክል የሆነው ለምንድን ነው?»

አባባ ውሃው ውስጥ ያለውን እግሩን ብዙ አየው። «ለቅሶ ይቀራል እንዴ፣ ልጄ?» አላት።

የሚያናድደው፣ እውነቱን መሆኑ ነው። ከወንድሙ ቀብር ቢቀር በዚያ አገር ዳግመኛ ቀና ብሎ አይሄድም። ነገር ግን ከዚያ ዳስ ተነሥተው ቤታቸው ገብተው በዚያው በሽታ የተኙ ነበሩ። አባባ መርፌውን ይዞ እየሄደ ሲያክማቸው ሰነበተ፤ ስለዚያ ግን አንድም ቀን አንሥቶ አላወራም።

በግንቦት ዝናብ ሲጥል በሽታው ጠፋ። በሰኔ ውባለም ተመረቀችና ከጎንደር የሁለት ቀን መንገድ ገጠር ተመደበች። የምትሄድ ዕለት ጠዋት አባባ ሳጥኑን ከፍቶ ኳሱን አወጣ፤ ተንፍሶ እንደ ቂጣ ተኝቷል። በጨርቅ ወልውሎ በሁለት እጁ ሰጣት። አገላብጣ አየችውና «አሁን ከማን ጋር ልጫወትበት?» ብላ እኔን አሳቀፈችኝ። አባባ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት።

አሁን የምኖረው ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ነው። ኮሮና ሲገባ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር መንገድ ላይ ስትጫወት አየሁና ኳሱን ነጥቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በሳምንቱ እንፍራንዝ የባለቤቴ አክስት ሞቱ። ማስኬን አድርጌ፣ አልኮሌን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ፤ ዳሱ ውስጥ ግን ማስኩን አውልቄ በየሰዉ ትከሻ ላይ አለቀስኩ። በማግስቱ ውባለም ደወለች። አሁንም አስተማሪ ናት። የልጄን ኳስ መቆለፌን ያን ሰሞን ነግሬያታለሁ፤ አሁን ደግሞ ከለቅሶ መመለሴን ነገርኳት።

«በዚህ ጊዜ?» አለችኝ።

«ለቅሶ ይቀራል እንዴ?» አልኳት፣ ሳላስበው።

«የልጅሽ ኳስስ የት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያኔ ክልከላውን የሰማነው በሬዲዮ ነበር፣ አሁን በስልክ ነው፤ ያኔ ቁልፉ አባባ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር፣ አሁን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሌላ የተለወጠ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ልጄን ጠርቼ ቁልፉን ሰጠኋት። ኳሱን አውጥታ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና «እማዬ፣ አልተነፈሰም» ብላ ወደ ደጅ ሮጠች። ስልኩን ገና አልዘጋሁትም ነበር።