የመጀመሪያዋ ቃሌ ለእትዬ ዘነበች

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርኩ እራቴ አይወርድልኝም። ጠጋ ጠጋ በሉ። ድምፄ እስከ በሩ አይደርስም፣ ደግሞም በመስኮቱ ስር ማን እንደሚያልፍ አይታወቅም። አሜን ስትሉም በሆዳችሁ ይሁን። ጌታ የሆድንም ይሰማል፣ ስሙ ይባረክ!

አዲስ የመጣችሁ አታውቁኝም። ደምሴ እባላለሁ፤ የቀበሌያችን ለፋፊ ነበርኩ። ስብሰባ ሲኖር፣ ስኳር ሲመጣ፣ ዘመቻ ሲጠራ በየሰፈሩ እየዞርኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ለሌሎቹ ቀበሌዎች ድምፅ ማጉያ ሲታደል ለእኔ አልሰጡኝም። ምን ያደርግልኛል? ላፍቶ ላይ ቆሜ ስጠራ ፉሪ ሜዳ ላይ የምትግጥ ላም ቀና ትላለች። አልዋሸሁም፣ ላሟን ጠይቁ! ማንበብም ማንም አላስተማረኝም፤ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ነው። ሊቀመንበሩ የሚጽፈውን ማስታወቂያ እንኳ አርሜ ነበር የማነበው።

ያች ትንሿ የሜቶዲስት ጸሎት ቤታችን የታሸገች ቀን፣ ያኔ እንኳ «ቤታችን» አልልም ነበር፣ «ቤታቸው» ነው የምለው፣ እንድለፍፍ የታዘዝኩት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። «ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌው መጋዘን ነው።» አለቀ። እኔ ግን ሰው ሲሰበሰብልኝ አፌ አይቆምም። ቀጥ ብዬ እትዬ ዘነበች ደጃፍ ሄድኩ። እኚህ አጠገቤ የተቀመጡት ናቸው። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ዕድሜ ልካቸውን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

«አንቺ ዘነበች!» አልኩ፣ የአክስቴን እኩያ። «ኢየሱስሽ ቁልፉን ተቀምቶ የት ሊያድር ነው? ለስኳር ሰልፍ ይመዝገብ እንዴ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ይሄን ማንም አላዘዘኝም፣ የራሴ ድርሰት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው እያስቆመኝ «እስቲ ድገማት» ይለኛል፣ እኔም እደግማት ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ድምፄ ይሻክር ጀመር። ጉንፋን ነው አልኩ። ዝንጅብል፣ ማር፣ ጤና አዳም፣ ምን ያልዋጥኩት አለ? አንድ ጠዋት «ስኳር መጣ!» ልል አፌን ብከፍት አየር ብቻ ወጣ። ስንቱ ሰው ስኳሩ አመለጠው መሰላችሁ!

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመስታወት አየና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ባለቤቴ አስካለ መለሰችልኝ።

«መጮህ ነው፣ ዶክተር።»

«ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ዕጢ አለ» አለ። «ተራው ሲደርስ እናወጣዋለን። ድምፁ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ወገኖቼ፣ ያኔ ሰው መለየት ተማርኩ። ከቀበሌ ጓዶቼ አንድም ሰው ብቅ አላለም። ከሆስፒታል በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች፣ አጥሚት ይዘው! «እግዜር ይማርህ» ብለው፣ አስቀምጠው ሄዱ። እኔ አጥሚቱ ላይ አፈጠጥኩ። መርዝ ቢኖርበትስ ብዬ መጀመሪያ አስካለን አስቀመስኳት። ነገሩ ሲገባት «አንተ ሰውዬ! እኔ ብሞት ግድ የለህም ማለት ነው?» ብላ ትራሱን ወረወረችብኝ። አጥሚቱ በማግስቱም መጣ፣ በማግስቱም መጣ። መርዝ የለውም፤ ቅቤ ነበረው። ጌታ ይባረክ!

አንድ ቀን ደብተሬ ላይ «ጌታ ነው የቀጣኝ?» ብዬ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡና «አይ ደምሴ፣ ጌታ የሰው ጉሮሮ ሲያንቅ የሚውል ይመስልሃል? ይልቅ ሐሙስ ከሰዓት ቤቴ ና። እኛም ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምንቀመጠው፣ ይመችሃል» አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ! ተደብቆ የሚጸልይ ሰው የቀበሌውን አፍ ቤቱ ሲያስገባ! ስገባ አንዱ ወንድም ደንግጦ መጽሐፍ ቅዱሱን የሽሮ ጣሳ ውስጥ ከተተው። እትዬ ዘነበች «አውጣው፣ ሽሮው ይበላሻል» አሉት።

የሜቶዲስቶችን ልማድ አሁን አይታችኋል። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ እያንዳንዱ ይጠየቃል። «ነፍስህ እንዴት ሰነበተች?» ጤናህ አይደለም፣ ሥራህ አይደለም፣ ነፍስህ። አንዱ «ልጄን ሳላጣራ መታሁት» አለ። አንዷ «በጎረቤቴ ቀናሁ» አለች። እኔ በልቤ «አሃ! ግለ ሂስ ነው!» አልኩ። ግለ ሂስማ ሙያዬ ነው! ቀበሌ ስንቴ አድርጌዋለሁ፤ የራስህን ጥፋት ታሳንስና የሌላውን ታበዛለህ። ተራዬ ሲደርስ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። «እኔ ጓድ ደምሴ አልፎ አልፎ ከማርፈድ በቀር በሥራዬ እንከን የለብኝም...» እያለ ይወርዳል። እትዬ ዘነበች በሹክሹክታ አነበቡት። ማንም አልሳቀም።

«እጅ ጽሑፍህ ያምራል» አሉኝ። «ይሄ ግን ስለ ሥራህ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ነፍስህ ነው። አልቸኩልብህም፣ ሐሙስ ሁሌ ይመጣል።»

ሐሙስ መጣ፤ ባዶ ገጽ። ሌላ ሐሙስ መጣ፤ ባዶ ገጽ። ስለ ራሱ መጽሐፍ የሚወጣው ሰው! ያቺን የደጃፍ ነገር ቤቴ ሆኜ እጽፋታለሁ፣ እቀዳድዳታለሁ። ባመጣት ያስወጡኛል። ከዚህ ቤት ብወጣ ደግሞ የት እሄዳለሁ? የሚጸልይልኝ ሰው ሌላ የለኝም። ምናልባት ረስተውት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ኦፕሬሽን የምገባ ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ያለ ድምፅ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ለፍፌብሃለሁ። ማረኝ። ድምፅ ብትሰጠኝም ባትሰጠኝም ያንተ ነኝ» አልኩት። ሰላሙ! ሰላሙን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሃሌ ሉያ!

ዕጢው ወጣ። ሐኪሙ «አንድ ወር ቃል እንዳትተነፍስ» አለ። አስካለ ለጎረቤቱ ሁሉ «በትዳሬ እንደዚህ ያለ ወር አላየሁም» እያለች አወራች። ወሩ ሲያልቅ «የመጀመሪያዋ ቃል የኔ ናት» አለችኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቀኑ ግን ሐሙስ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። «ደምሴ፣ ነፍስህ እንዴት ሰነበተች?» ደብተሩን ዘጋሁት። ይውጣ አይውጣ አላውቅም።

«እትዬ ዘነበች» አልኩ። ወጣ! እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ እያለ ወጣ። «ደጃፍዎ ላይ ቆሜ ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»



«አይ ደምሴ» አሉ፣ «ግማሹን እኮ አልሰማሁህም። ወፍጮ ቤቱ አጠገቤ አይደል? ሞተሩ እየጮኸ ነበር።»

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ! እኔን? እኔን የማይሰማ ጆሮ አለ? «እንዴት አይሰሙኝም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል እኮ!» ብዬ አረፍኩት። ሰዉ ሁሉ አፉን በነጠላው አፍኖ በሳቅ ሲንፈራፈር አየሁ። እትዬም ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«የሰማሁት ግማሽ በቅቶኛል፤ ሦስት ቀን አልቅሼበታለሁ። በአራተኛው ቀን ግን ይቅር ብዬሃለሁ። እስክትመጣ ነው የጠበቅኩህ።»

ሰማችሁ? አጥሚቱ ቤቴ ሳይደርስ ይቅርታው አልቆ ነበር! እኔ መርዝ ነው ብዬ ሚስቴን ያስቀመስኳት ይቅርታ ኖሯል። ክብር ለስሙ ይሁን! ለአስካለ ሁለተኛዋን ቃል ሰጠኋት፤ «አስካልዬ» አልኳት። ሦስት ቀን አኩርፋኝ ታረቀችኝ፣ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጣ ትስቃለች።

ሐኪሙ ሲሰማኝ «ዕድለኛ ነህ» አለ። «ዶክተር፣ እጅህን የያዘልህ ኢየሱስ ነው» አልኩት። ሊቀመንበሩ ግን «ይሄ ድምፅ ዶሮ አያባርርም» ብሎ ሥራዬን ለሌላ ሰጠ፣ ለእኔ ያልሰጡኝን ድምፅ ማጉያም ጨምሮ። አሁን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ዘበኛ ነኝ። ጌታ ይመስገን፣ ደስ ብሎኝ እውላለሁ፣ ደስ ብሎኝ እገባለሁ። ድሮ ሰው ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ለመስማት ይጠጋኛል። የቱ ይበልጣል?

እንግዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ፣ «ያደረግኩትን ቢያውቁ ያባርሩኝ ነበር» የምትሉት ነገር በልባችሁ ይኖራል። ፊታችሁን አይቻለሁ፤ ያንን ፊት እኔ ስንት ሐሙስ ይዤው እዚህ ተቀምጫለሁ። ጌታን እመኑት። እዚህ ቤት ወንበር የተሰጣችሁ ጥፋታችሁ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። እሱ አውቆት ነው የጠራችሁ።

በሉ ልቀመጥ፣ የጎኔ ሰው ተራ ነው።